ሁለት ቢላ የበላች ድመት

ለነፍስ አባቴ «ይቅር ብያለሁ» ብዬ መስቀል ተሳልሜአለሁ። እንዲያም ሆኖ ይህን ልጽፍ ብዕር ሳነሣ ጆሮዬ ሥር ትኩስ ነገር ሲወጣ ይሰማኛል። ነገሩ የድመት ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ እኔም አብዛኛውን እየሳቅሁ ነው የማስታውሰው። ሳቅና ቂም አንድ ቤት ተከራይተው መኖር እንደሚችሉ የተማርሁት ከሚሴ ነው።

ከሚሴ የገባነው ባለቤቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ በተመደበ ጊዜ ነው። ከጎጃም፣ ከእናቴ ቤት ተነሥተን፣ በጭነት መኪና ላይ ሳጥንና ፍራሽ ተደግፈን አራት ቀን ፈጀን። እናቴ ስትሸኘኝ ብዙ አላለቀሰችም። ሲበቃት ዓይኗን ጠርጋ አንድ አገልግል አቀበለችኝ።

«ስንቅ ነው ብለሽ መንገድ ላይ እንዳትከፍቺው፤ ታመልጥሻለች» አለችኝ።

ውስጡ ያለችው ጡት ከጣለች ብዙ ያልቆየች፣ አመድማ፣ አፍንጫዋ ላይ ነጭ ያለባት የድመት ግልገል ነበረች። አንድ ኬላ ላይ ዘበኛው አገልግሉን አይቶ፣ «እሜቴ፣ ከያዙት ስንቅ ለመንግሥት ሰው አይቆርሱም?» አለኝ። እኔ የምመልሰውን ሳስብ ስንቁ ራሱ ከውስጥ «ፍፍፍ!» አለበት። ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አማተበ። ባለቤቴ ከፍራሹ ላይ እስኪንሸራተት ሳቀ። የመጀመሪያዋን ቃላችንን ያን ቀን አወጣን፤ «ስንቅፍፍ»። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ገና ሳይነኩት የሚቆጣ ሁሉ ስንቅፍፍ ተባለ፤ የባለቤቴ አለቃም ጭምር።

ከሚሴ ሙቀቷ ፊት ይገርፋል። ሰው አላውቅም። «አማርኛ ይናገራሉ» ሲሉኝ አማርኛ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ገበያ ስወጣ ግን ወሬው በአማርኛ ተነሥቶ፣ መካከል ላይ በወላሂ ታስሮ፣ በኦሮምኛ ይቀመጣል። ልጅ ገና አልነበረንም። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ከሳሽና ተከሳሽ ሲጽፍ ውሎ አፉ ደርቆ ይገባል፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የማናግረው አጥቼ አፌ ሞልቶ እጠብቀዋለሁ። በሁለት ዓይነ አፋር ተጋቢዎች መካከል ድመት ስትቀመጥ ወሬው ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። «ራቴን አቅርቢልኝ» ማለት ሲያፍር፣ «ድመቷ ሳትራብ አትቀርም» ይለኝ ነበር።

ቃሎቹም እንዲያው በራሳቸው በዙ። ተኝታ ሳለ ጆሮዋ ብቻ ወደ ድስቱ ሲዞር «እንቅጆ» ላይ ናት እንላለን፤ እንቅልፍ ነው፣ ጆሮው ግን ሥራ አልፈታም። እግሬን እየታከከች ስትለምነኝ «ታክልማ»። ስቆጣት ጀርባዋን ሰጥታኝ ግድግዳ ስታይ «ኩርጀርባ»። ጭኔ ላይ ወጥታ በፊት እግሮቿ ረገጥ ረገጥ ስታደርገኝ «ቡኮ ገባች» እንላለን፤ ሊጥ የምታቦካ ነው የምትመስለው። አንገቷ ሥር የሚንጎራጎረውን ድምፅ ደግሞ ባለቤቴ «ጉርሕሌት» አለው። እኔ ማሕሌትን ለድመት መስጠት ኃጢአት እንዳይሆን ፈርቼ ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ።

«ሳታስታጉል ትቆማለች?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ፤ ሌሊቱን ሙሉ።»

«እንግዲያስ ከእኛ ደብር ካህናት ትሻላለች። ተያት።»

ከአጥራችን ወዲያ የእህል ነጋዴ ቤት ነበር፤ እስላሞች ናቸው። የቤቱ እመቤት በዕድሜ ትበልጠኛለች። የመጣሁ ሰሞን በአጥሩ ቀዳዳ አሻግራ ሰላም ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

«አካም ቡልቴ?» አለችኝ። ዝም ስላት ሳቀች። «እንዴት አደርሽ ማለቴ ነው፣ እህቴ። አብሽሪ፣ ትለምጅዋለሽ።»

ጎተራቸው የጨፋ ሜዳ ማሽላ ሞልቶበት አይጥ ይርመሰመስበታልና ድመቴን በትውስት ለመነችኝ። እሺ አልኋት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት «ኮቱ አዱሬ፣ ኮቱ!» ብላ ትጠራታለች፤ ነይ ድመት፣ ነይ ማለቷ ነው። ድመቴ ኦሮምኛውን ከእኔ ቀድማ ለመደችው። በአጥሩ ቀዳዳ ትሾልካለች፣ ጎተራ ሥር ትውላለች፣ የድካሟን ዋጋ እነሱ ሥጋ ቆራርጠው ይጥሉላታል። ማታ ደግሞ ምንም እንዳልቀመሰች ሆና መጥታ ታክልማ ትጀምራለች።

ለማያውቅ ልንገር። በዚያ አገር ክርስቲያንና እስላም ለቅሶው አንድ ነው፣ ሠርጉ አንድ ነው፣ ደቦው አንድ ነው። ሥጋ ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም በገዛ ቢላው ያድራል። በእነሱ እጅ የታረደውን እኛ አንቀምስም፤ በእኛ እጅ የታረደውን እነሱ አይቀምሱም። የሚደግስ ሰው ለሌላው ወገን ከብቱን ለይቶ፣ በራሱ ወገን ሰው ያሳርድለታል፤ ድስቱም ለብቻ ነው። በዚህ የሚቀየም የለም። ሥርዓቱን ያላወቀችው የእኔ ድመት ብቻ ነበረች፤ ረፋዱን በእነሱ ቢላ፣ ማታ በእኛ ቢላ። ባለቤቴ «ሁለትቢላ» አላት። ለጎረቤቴ ብነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንከተከተች። «ወላሂ እውነቱን ነው! በዚህ ከተማ የጠገበ ፍጡር ቢኖር እሷ ብቻ ናት» አለችኝ።

አሁን ወደ ሌላዋ ልምጣ። ያከራየችን የግቢው ባለቤት ክርስቲያን ናት፤ ባሏ ሹመት ኖሮት ቀደም ብለው ከደጋ የወረዱ ሰዎች ናቸው። የሴቶቹ የእመቤታችን ማኅበር ሙሴ፣ የበላይ ማለት ነው፣ እሷ ነበረች። ፊት ለፊት «እሜቴ» «እርስዎ» እላታለሁ፤ እዚህ ግን ወረቀቱ የእኔ ነው። እሷ እኔን «የጎጃሟ» እንጂ ሌላ ብላኝ አታውቅም።

ውሻ ነበራት። ነጭ፣ ከቅቤ የተሠራ የሚመስል ወፍራም ውሻ። አጥር ውስጥ ሆኖ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ግመል ሁሉ ያባርራል፤ በሩ ሲከፈት ማድቤት ጀርባ ይገባል። ባለቤቴ «አጥርጀግና» አለው። ድመቴ አጥሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጅራቷን አፍንጫው ፊት ታወዛውዝለት ነበር። አንድ ቀን ውሻው ተሳስቶ ደፈረና ዘለለባት። አፍንጫውን ቧጨረችው። የጮኸው ጩኸት አራስ ያስደነግጣል። እሜቴ ወጥታ ደሙን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግለት ዓይኗ ውሻው ላይ አልነበረም፤ ድመቴ ላይ ነበር።

በሚቀጥለው ማኅበር፣ ሁላችን ከተቀመጥን በኋላ፣ ተነሥታ ተናገረች። የሚቀጥለው ድግስ ተራው የእኔ ነበር።

«የጎጃሟ ድመት» አለች፣ «በእስላም ቢላ በልታ ትመጣና የጎጃሟን ድስት ትልሳለች። ከዚያ ድስት የወጣ ወጥ የእመቤታችን ጽዋ ፊት ይቀርባል ወይ?»

«ድስቴን እከድናለሁ እሜቴ» አልሁ።

«ድመት ክዳን ታከብራለች?» ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ ሲያበረታታት ቀጠለች፤ «ደግሞ ድመቷም እንደ ባለቤቷ አገር ሰው ደብተራ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትደግም ነው የምታድር።»

ጉርሕሌትን ነው እንዲህ ያለችው። ቤታችን ውስጥ ለሁለታችን ብቻ የነበረውን ነገር አደባባይ ላይ ጠንቋይ አደረገችብኝ። ከዚያ ፈረደች፤ «የሌላ ቢላ የነካ አፍ የገባበት ዕቃ ማኅበር አይቀርብም፤ የማንም ይሁን የማን። ድመቷ እስክትወገድ የጎጃሟ ተራ ይዘለል።» ማንም አልተቃወመም። እናት፣ አክስት፣ እህት በሌለኝ አገር በወር አንድ ቀን «ነይ፣ እዚህ ጠጋ በይ» የሚለኝ ያ ማኅበር ብቻ ነበር። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው፣ «ታዲያ ምን ትመርጫለሽ?» አለኝ። ድመቷ ጭኔ ላይ ቡኮ ገብታ ነበር። ጀርባዋን እየዳሰስሁ መልሱን አወቅሁት። ከእናቴ ቤት የቀረኝ ሕይወት ያለው ነገር እሷ ናት፤ ለማንም ብዬ አልጥላትም።

ሳምንት ሳይሞላ ድመቴ ጠፋች።

ጎተራ ሥር የለችም። ምድጃ ዳር የለችም። በሁለቱም ቋንቋ ጠራኋት። ሁለት ቀን ፈልጌ በሦስተኛው እሜቴን ጠየቅኋት፤ «ድመቴን አይተዋታል?»

«እኔ የድመት እረኛ ነኝ? ደግሞ አትድከሚ፤ ወንዝ የተሻገረ ድመት አይመለስም።»

ወንዝ ያነሣ ሰው አልነበረም። ድመት መጣል የፈለገ ሰው ጆንያ ውስጥ ከትቶ፣ ሦስት ጊዜ አዙሮ፣ ወንዝ ያሻግራታል፤ መንገዱ ይጠፋባታል ይባላል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የእኔ ድመት ወንዝ መሻገሯን ግን ከአሻጋሪዋ በቀር ማን ያውቃል? እሜቴም ካፏ እንደወጣ ታወቃት፤ ፊቷን አዙራ ዶሮ ማባረር ጀመረች፤ ዶሮ ግን በአካባቢው አልነበረም።

ለጎረቤቴ ስነግራት ደረቷን መታች። «ወየው ጉዴ! አህያ ላይ ጆንያ ሲንቀሳቀስ ከደጃችሁ ሲወጣ አይቻለሁ። ዶሮ መስሎኝ። ዶሮ ግን እንዲያ አይራገምም!» የአህያውን ባለቤት አታውቀውም፤ ወደ ገበያ የሚሄድ መንገደኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በሐቀኝነት ልናገር። ሥዕሏ ፊት ቆሜ «እመቤቴ ሆይ፣ ለዚህች ሴት ምሕረት አድርጊላት» ብዬ እጀምራለሁ፤ «ግን አስቀድመሽ...» ላይ ስደርስ ምላሴ ይፈታል። ቅቤዋ እንዲሻግት ለምኛለሁ። ጠላዋ እንዲሆመጥጥ ለምኛለሁ። አንድ ቀን ራሴን ሰማሁትና ደንግጬ ሰገድሁ፤ እየሰገድሁ ሳለም ስለ ሽሮዋ አስብ ነበር።

የመጀመሪያው በቀሌ ግን በአፍ ነበር። ከቤታችን ወጥቶ የማያውቀውን «አጥርጀግና» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ለጎረቤቴ አወጣሁላት። እሷ አንድ ቀን አላሳደረችውም፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ውሻውን በዚያ ስም ይጠራው ጀመር። እሜቴ ሰምታ መጣችብኝ።

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«አጥር የሚጠብቅ ጀግና ማለት ነው እሜቴ።»

ደስ አላት። «አጥርጀግናዬ» እያለች ራሷ ትጠራው ጀመር። የወጥ ቤቴን በር ዘግቼ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ያች ሳቅ ግን ምድጃ ዳር ያለውን ባዶ ቦታ አልሞላችውም። የድመቷ መጥፋት የእሷ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ የት እንዳለች ግን ከእሷ በቀር የሚነግረኝ የለም፤ እሷም ምላ ትክዳለች። አፏን የሚያስከፍት አንድ ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ያ ነገር በዐቢይ ጾም መጣ። የማርያም ማኅበር ተራው ወደ እሜቴ ዞረ፤ የእስላሞቹ ዓረፋ ደግሞ በዋዜማው ዋለ። በማኅበሩ ዕለትም በጎረቤቴ ግቢ የታረደው በግ ሽታ አጥራችንን ተሻግሮ ይመጣል። አጥርጀግና አበደ። እሜቴ በጠፍር አሰረችውና እኔ ደጅ ካለው ምሰሶ ላይ ቋጠረችው።

«ሥጋ ሸቶት እንዳይሄድብኝ። አንቺ ደጅሽ ላይ ነሽ፣ ጠብቂልኝ» አለችኝ።

ተከራይ አይደለሁ፣ ድፎ ዳቦዋን በእሷው ምጣድ የምጋግርላት እኔ ነበርሁ። እሳቱን እየቆሰቆስሁ ውሻውን አየዋለሁ። ይስባል፤ ጠፍሩ ይለጠጣል፤ ቋጠሮው በትንሽ በትንሹ ይላላል። ተነሥቼ ላጠብቀው ነበር። ብድግም ብዬ ነበር። ከዚያ ጆንያው ትዝ አለኝ፤ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ፈትቼው ቢሆን ኖሮ ኃጢአቴ አንድ መስመር ነበር። እኔ ግን አልፈታሁትም፤ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እንደ ጨዋ ሴት ተቀምጬ፣ እስኪፈታ ድረስ አየሁት። ሲፈታ ዘወር ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ድመቴ በምትሾልክበት ቀዳዳ ሆዱን እየጎተተ በግድ ሲያልፍ፣ ዳቦው በስሎ ነበርና አንሥቼ ወደ እሜቴ ቤት ገባሁ።

ሴቶቹ ከቅዳሴ መልስ በጉዝጓዙ ዙሪያ ተደርድረዋል። ስልጆው፣ ሽሮው፣ የሱፍ ፍትፍቱ ቀርቧል። የነፍስ አባቴ ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን ሊቆርሱ ቢላ አነሡ። ያን ጊዜ አጥርጀግና በሩ ላይ ቆመ።

አፉ ውስጥ ከነሰኮናው የበግ እግር ነበር።

በዚያ ከተማ የክርስቲያን ቢላ ሥጋ ካየ ሳምንታት አልፎታል፤ ስለዚህ የማን ቢላ ነው ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ውሻው ግን በሕይወቱ የመጀመሪያውን ድል ያገኘ ነውና ለእመቤቱ ሊያሳያት ጅራቱን እየወዘወዘ በሴቶቹ መካከል አለፈ። የበጉን እግር ጉልበቷ ሥር ጉዝጓዙ ላይ አኖረላት። ከዚያ ደስታው ሲያቅተው አፉን ስልጆው ውስጥ ከቶ ላሰ።

«ውጣ! ውጣ አንተ ከንቱ!»

በእንጨት ስታባርረው እግሩን መልሶ ነክሶ ወደ ማድቤት ሮጠ፤ ድስቶቿ ሲንኳኩ ሁላችንም ሰማን። ካህኑ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ጢማቸው ይንቀጠቀጣል። ከሁሉም ታላቅ የሆኑት አንዲት ባልቴት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሜቴ» አሉ በለሆሳስ፣ «የማንም ይሁን የማን፣ ብለው ነበር።»

እኔ አይደለሁም ያልሁት። አንዲት ቃል አልተናገርሁም። ዳቦ ተሸክሜ ቆሜ፣ በጾም መካከል አፌ ማር ማር አለኝ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ፤ ያን ሁሉ ድግስ ሳይቀምሱ ወጡ። ሽሮዋን በልመናዬ ጊዜ ያሰብሁት ትዝ ሲለኝ ትንሽ ፈራሁ። ትንሽ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እሜቴ ቤቴ መጣች። ገብታ አታውቅም ነበር።

«ለሴቶቹ ተናገሪልኝ» አለችኝ። «እንስሳ የአፉን አያውቅም፣ በያቸው። አንቺ ብትዪ ይሰሙሻል፤ የተበደልሽው አንቺ ነሽና።»

«ምን ተበደልሁ እሜቴ?»

«ያችን... ድመቷን።»

«የትኛዋን ድመት?»

«አንቺ ሴት፣ አታሰቃዪኝ!»

«ይቀመጡ እሜቴ። ውኃ ላምጣልዎ?»

ተቀመጠች። ውኃውን ቀስ ብዬ ቀዳሁ፣ ቀስ ብዬ አቀረብሁ። ጠጥታ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኋት። ከዚያ ነገረችኝ፤ ወንዝ ማዶ ሰንበቴ በሚባለው ገበያ መጋዘን ላለው ጨው ነጋዴ ነው የሰጠችው፤ አይጥ ጆንያ ቀዳደደብኝ ሲል ሰምታ።

«ጆንያው ውስጥ ምን አለች?» አልኋት።

«ምን ትላለች፤ ድመት አይደለች?»

«ምን አለች እሜቴ?»

ጽዋውን መሬት አኖረች። «መጀመሪያ ጮኸች። ወንዙ ላይ ስትደርስ ዝም አለች፤ ባለአህያው ኋላ ሲያልፍ ነው የነገረኝ።»

ይህን እንድትናገር ያስገደድኋት እሷን ለመውጋት ነበር፤ የተወጋሁት ግን እኔ ነኝ። ወደ ምድጃው ዞሬ አልሁ፤ «ድመቴ ቤቷ በገባች ማግስት ለሴቶቹ እናገራለሁ። ከዚያ በፊት አንዲት ቃል ከአፌ አይወጣም።»

ሰንበቴ የሚገበየው እሑድ ነው። እኔ በሰንበት ገበያ ረግጬ አላውቅም። ቅዳሴ አስቀድሼ፣ እጣን የሸተተ ቀሚሴን ሳልለውጥ፣ ከጎረቤቴ ጋር በባሏ የእህል መኪና ላይ ወጣሁ። ገበያው ግመል፣ ፍየልና አቧራ ነው፤ ከቆላ የመጣው አፋር ጩቤውን ታጥቆ ከደጋ ከመጣችው ቅቤ ሻጭ ጋር በጣት ይነጋገራል። የጨው ነጋዴውን መጋዘን ያገኘችው ጎረቤቴ ናት።

ድመቴ ከፍ ብሎ በተደረደረ ጆንያ ጫፍ ላይ ነበረች። ወፍራለች። አየችኝ። አወቀችኝም። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሥታ ኩርጀርባዋን ሰጠችኝ።

«ይቺን?» አለ ነጋዴው። «ይቺን አልሰጥም! ከመጣች ወዲህ አንድ ጆንያ አልተቀደደብኝም።»

ጎረቤቴ በኦሮምኛ ጀመረችው። ምን እንዳለችው ዛሬም በሙሉ አላውቅም፤ ሰውየው ግን መልሱን እየዋጠ ሄደ። በመጨረሻ ለእኔ ስትል በአማርኛ አሳረገችው፤ «ይቺ ሴት የእናቷን አደራ ነው የተነጠቀችው። የሰው አደራ መጋዘንህ ውስጥ አሳድረህ ነገ ምን ብለህ ትሰግዳለህ?»

ሰውየው ደነገጠ። «የተሰረቀ መሆኑን አላወቅሁም፤ ወላሂ አላወቅሁም። ያቺ ሴትዮ 'የእኔ ናት' ብላ ነው የላከችልኝ።» ራሱ ወጥቶ ድመቷን አወረደልኝ። «አፉ በዪኝ» አለኝ። አፉ አልሁት፤ ለዚያ ሰው ይቅርታ ማድረግ እንደ ውኃ መጠጣት ቀለለኝ። መኪናው ላይ ድመቴ ብዙ አኩርፋ ከቆየች በኋላ የቅዳሴ ቀሚሴ ላይ ቡኮ ገባች። ጥፍሯ ክሩን ሲመዘው ከልካይ እጅ አልነበረኝም፤ ሁለቱም እጆቼ ፊቴ ላይ ነበሩ።

ድመቴ ተመልሳለች፤ ቃሌን መጠበቅ ግዴታዬ ሆነ። አስቀድሜ ግን ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ።

«አልፈታሁትም አባቴ።»

«አላጠበቅሽውም።»

«አላጠበቅሁትም።»

«እንግዲያው ማኅበሩ ፊት ጉልበቷን ስመሽ ይቅርታ ትጠይቂያታለሽ።»

«እሷስ አባቴ?»

«እሷን ለእኔ ተያት። አንቺ ጉልበት ሳሚ።»

«ድስቴስ?» አልኋቸው። «ጠበል ይረጭበትና ድስት ነው» አሉኝ። የእሜቴንም ድስት እንዲሁ ረጩት። እኔም እንደ ቃሌ ለሴቶቹ «እንስሳ የአፉን አያውቅም» አልኋቸው፤ የማኅበሩም ሙግት በዚያው ተዘጋ፤ የተዘለለው ተራዬ ከፋሲካ በኋላ ባለው ወር ተመለሰልኝ።

የዚያን ቀን ቤቴ ሞላ። ዶሮ ሠርቼ ነበር፤ በዚያው በድስቴ። ካህኑ ሲጨርሱ ተነሥቼ እሜቴ ፊት ተንበረከክሁ። «ውሻዎ የተፈታው በእኔ ቸልታ ነው። ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ጉልበቷን ሳምሁ። ሴቶቹ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። እሷ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አለችና ዝም ልትል ነበር፤ ካህኑ ግን ዓይናቸውን ከፊቷ አላነሡም። ላቧ መጣ። «እኔም ድመቷን...» አለች፤ «በጆንያ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ።» ይህን ስትል ድመቴ ከመደቡ ወርዳ በመካከላችን እያለፈች ነበር። እኔ አልጠራኋትም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ታዲያ እርቅ ያለ ጉርሻ ይሆናል? ድስቱን አቀረብሁ። በፊቷ ከፈትሁት፤ ወደ ሌላ ዕቃ አልገለበጥሁም፣ ከዚያው ከድስቱ ጠቀለልሁ። ጠቅልዬ አላበቃሁም፤ እንጀራ ጨመርሁ፣ ሥጋ ጨመርሁ፣ እንቁላሉንም ከነሙሉው። ጉርሻ አይመለስም። እሜቴ ድስቱን አየች፣ ድመቷን አየች፣ እጄን አየች፤ ሴቶቹ ሁሉ አፏን ያያሉ።

«በሞቴ እሜቴ» አልኋት።

አፏን ከፈተች። በሁለት ጣቴ ገፋ አድርጌ አስገባሁላት። ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር አላመጠች። ሁለተኛውን ጠቀለልሁ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል» አልሁ፤ «እኛ ደግሞ ገና መታረቃችን ነው።»